በአጥንት ላይ ያለ ጭረት ምን ይመሰክራል?

ጽሕፈት ስላልነበረበት ዘመን ታሪክ ለሚመረምር ሰው፥ አጥንት እንደ ብራና ነው። ዳሩ ግን በብራና ላይ ጸሐፊው የጻፈው ሌላ፥ አይጥና ብል የበሉት ሌላ እንደ ሆነ ሁሉ፥ በአጥንትም ላይ የእጅ ሥራና የአውሬ ጥርስ ተደባልቀው ይገኛሉ።

ሊቃውንቱ ሁለቱን የሚለዩበት መንገድ እንዲህ ነው። የድንጋይ ስለት ሥጋ ሲቆርጥ አጥንቱን ቢነካ፥ ጭረቱ ጠባብና ወደ ታች የሾለ ይሆናል፤ የድንጋዩ ጠርዝ ሸካራ ስለ ሆነም በውስጡ ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው በአጉሊ መነጽር ይታያሉ። የጅብ ወይም የአንበሳ ጥርስ ግን ሰፋ ያለና ታቹ የማይሾል ቦይ ያወጣል፤ በአጠገቡም ጥርሱ የወጋቸው ጉድጓዶች ይኖራሉ። በአሸዋ ላይ ወድቆ የእንስሳት ኮቴ የረገጠው አጥንት በየአቅጣጫው የተበተነ ስስ ጭረት ይወጣበታል። በቁፋሮ ጊዜ መሣሪያ የጫረው ደግሞ፥ ጭረቱ አዲስ ስለ ሆነ ከቀረው የአጥንቱ ገጽ ቀለሙ ይለያል።

የጭረቱ ቦታም ራሱን የቻለ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. በአፋር ከቡሪ የተገኘ፥ ዕድሜው 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ የእንስሳ መንጋጋ ለዓለም ተገለጸ። ጭረቶቹ በመንጋጋው ውስጠኛ ገጽ ስለ ነበሩ፥ ተመራማሪዎቹ ምላስ ለማውጣት የተደረጉ ናቸው አሉ። በሬ ያረደ ሰው ሁሉ የነገሩን ስሜት ይረዳዋል።

ይሁን እንጂ ምስክሮች ሁልጊዜ አይስማሙም። በዚያው አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ሻነን ማክፌሮን፥ ዘረሠናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቻቸው፥ በአፋር በዲኪካ የተገኙ አንድ የጎንና አንድ የጭን አጥንት የድንጋይ ስለት ምልክት እንዳለባቸው ገለጹ። ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያህል፥ ማለት የድንቅነሽ ወገኖች ይኖሩበት የነበረው ዘመን ነው። ይህ ከጸና፥ በዚያን ጊዜ ጥንታዊ ይባሉ ከነበሩት የጎና የድንጋይ መሣሪያዎች 800 ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። በዚያው ዓመት ማኑኤል ዶሚንጌዝ ሮድሪጎና ጓደኞቹ፥ ጭረቱ የኮቴ ርግጫ ነው ሲሉ ተቃወሙ። በ2015 ዓ.ም. የነማክፌሮን ወገን የአካባቢውን ሌሎች አጥንቶች መርምሮ፥ ርግጫ እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም ሲል መለሰ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዮናታን ሣህሌና ሁለት ባልደረቦቹ አዞን ለምስክርነት ጠሩ። አዞ ሥጋን አያላምጥም፤ ነክሶ ይዞ ይሽከረከራል እንጂ። የጥርሱም ጠርዝ ስለት ስላለው፥ የሚተወው ጭረት የድንጋይ ቢላ ከሚተወው ጋር ሊመሳሰል ይችላል።

የመጀመሪያው ቢላ በአገራችን ተሳለ ቢባል ደስ በሚለን መጠን፥ በፍርዱ መጠንቀቅ ይገባናል። ከምስክር ይልቅ ለወገን ያደላ ፍርድ ይግባኝ በተባለበት ቀን ይፈርሳልና። ስለዚህ መምህራን የዲኪካን ነገር ሲያስተምሩ፥ ክርክሩ እንዳልተዘጋ መናገር፥ የሁለቱንም ወገን ማስረጃ ማቅረብ ይገባቸዋል። ለኢትዮጵያ የሚተርፈው ክብር አጥንቱ ከምድሯ መገኘቱ ብቻ አይደለም፤ በክርክሩ በዚህም በዚያም ወገን ልጆቿ ቆመው፥ በማስረጃ መሟገታቸውም ጭምር ነው።