የዳግም መነሣት ብልሽትና የኮምፒዩተር ጥገና ሙያ በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

በምዕራብ ሐረርጌ የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ጥገና የእንጀራ ሙያ የሆነው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ቢሆንም፣ አካባቢው ከስሌት ማሽን ጋር በሩቁም ቢሆን የተገናኘው ከዚያ አርባ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ የአይ.ቢ.ኤም. የሒሳብ ማሽኖች አንዱን በ1950ዎቹ አጋማሽ ያስገባው፣ ሐዲዱ በሚኤሶ በኩል የሚያልፈው የምድር ባቡር ኩባንያ ነበርና። ይሁን እንጂ ያ ማሽን በተበሱ ካርዶች ላይ የሰፈረውን ቁጥር እያነበበ የሚደምርና የሚያትም፣ ብልሽቱም ለአምራቹ ባለሙያዎች ብቻ የተተወ ስለነበር፣ በመስመሩ ላይ ላሉት ከተሞች ያወረሰው የጥገና ዕውቀት አልነበረም።

ዕውቀቱን የጠየቀው የጽሕፈት ሥራ ነው። አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ በ1910ዎቹ በጨርጨር ገዢ በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከተቆረቆረች ጀምሮ የአስተዳደር ከተማ፣ በኋላም የዞን መቀመጫ በመሆኗ ደብዳቤ፣ መዝገብና ማመልከቻ አይጠፋባትም። የጽሕፈት መኪናው ቦታውን ለኮምፒዩተር ሲለቅ ወረቀቱ ሁሉ በአንድ ሣጥን መነሣትና አለመነሣት ላይ ተንጠለጠለ፤ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት ለማገናኘት የተዘረጋው ወረዳኔት ደግሞ ኮምፒዩተርን ከዋናው አስፋልት ርቀው ወደሚገኙ ወረዳዎች ጭምር አደረሰ። ከጭሮ በስተደቡብ እንዳለው እንደ ቦኬ ባለ ወረዳ፣ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ እስኪመጣ መጠበቅ ሥራ መፍታት ስለሆነ፣ የጠጋኙ ዋጋ የሚለካው አዲስ ዕቃ በመግጠም ሳይሆን የትኛው ዕቃ እንዳልተበላሸ ለይቶ በማወቅ ነበር።

ለዚህ ዕውቀት ማሠልጠኛ የሆነው ጨርሶ የሞተ ማሽን ሳይሆን፣ ጠዋት ሠርቶ ሪስታርት ሲደረግ የማይነሣው ነው ማለት ይቻላል። የሞተ ማሽን ይተካል፤ አንዴ የሚነሣ አንዴ የሚያምፅ ማሽን ግን ጠጋኙን ኃይልን፣ ማስታወሻንና ፕሮግራምን ነጣጥሎ እንዲያስብ ያስገድደዋል። ነገሩን ለመረዳት አጥፍቶ ማብራትና ሪስታርት ማድረግ አንድ አለመሆናቸውን ማወቅ ያሻል። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ ሲበራ ራሱን ይፈትሻል፤ ሁሉ ደኅና ከሆነ አንድ አጭር ቢፕ ያሰማል። ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ የሆነው ዴቪድ ብራድሊ ያበጀው የኮንትሮል፣ የኦልትና የዲሊት ቁልፎች ጥምረት ግን ማሽኑን ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥበት ስለሚያስነሣው፣ ረጅሙ የማስታወሻ ፍተሻ ይዘለላል። በ1995 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ኤ.ቲ.ኤክስ. የተባለውን የማዘርቦርድና የፓወር ሰፕላይ ደንብ ካወጣ በኋላ ደግሞ ማሽኑ «ጠፍቷል» በሚባልበት ሰዓት እንኳ፣ ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ፣ አምስት ቮልት የሚሰጥ ተጠባባቂ መስመር ሳያቋርጥ ይሠራል።

መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ የዚህ ንድፍ መዘዝ ቀላል አይደለም። መብራት ሲመለስ የሚፈጠረውን የኃይል መዋዠቅ አስቀድሞ የሚቀበለው ያ ተጠባባቂ ክፍል ነው፤ ሠራተኛው ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ዲቫይደሩን ሳያጠፋ ወደ ቤቱ ከሄደ፣ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ለጉዳት ተጋልጦ ያድራል። በዚያ ላይ ከ2000 እ.ኤ.አ. ግድም ጀምሮ በዓለም ገበያ የተሠራጩ በርካታ ማዘርቦርዶች ጥራት በጎደላቸው ካፓሲተሮች ምክንያት ያለ ጊዜያቸው ተበላሹ። ካፓሲተር ኃይልን ለአፍታ አጠራቅሞ መዋዠቁን የሚያለዝብ ትንሽ በርሜል መሰል ዕቃ ሲሆን፣ ሲያረጅ አናቱ ያብጣል፤ ያበጠው ካፓሲተር በተለይ ሲቀዘቅዝ ስለሚዳከም፣ ማሽኑ በጠዋት ሦስት አራት ጊዜ ተሞክሮ ይነሣና ከሞቀ በኋላ ጤነኛ ይመስላል። ብዙ ባለቤቶች «ሲሞቅ ይሠራል» ብለው ለወራት የታገሡት ይህንኑ ነው።

ሁሉም ጥፋት ግን የኤሌክትሪክ አልነበረም። ዊንዶውስ 98 መብራት ሲቋረጥበት በሚቀጥለው መነሣት ስካንዲስክ የተባለውን ፍተሻ በግድ ያካሂድ ነበር፤ በመዘጋት ላይ እንዳለ ደርቆ መቅረቱም የታወቀ ሕመሙ ስለነበረ ማይክሮሶፍት ለሁለተኛው እትሙ ለብቻው ማስተካከያ አውጥቶለታል። በፍሎፒ ዘመን ደግሞ ማሽኑ ውስጥ የተረሳ አንድ ዲስክ ማሽኑን ከመነሣት ያግደው ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የተሠራጨው ብላስተር የተባለ ቫይረስ በተራው ዊንዶውስ ኤክስፒን ስድሳ ሰከንድ እያስቆጠረ ደጋግሞ ሪስታርት ያደርግ ስለነበር፣ ያልተበላሸ ፓወር ሰፕላይ በከንቱ ያስቀየሩ ጥቂት አይመስሉም።

ከዚህ ሁሉ ቀስ በቀስ አንድ ሥርዓት ወጣ። ጠጋኙ ገመዱን ነቅሎ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ በመጫን የቀረውን ኃይል ያስወጣል፤ ሃርድ ዲስኩን፣ ሲዲ ማንበቢያውንና ተጨማሪ ካርዶቹን ፈትቶ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና አንድ የማስታወሻ ካርድ (ራም) ብቻ ያስቀራል፤ የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ ይወለውላል፤ ከዚያ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየመለሰ የትኛው ሲገባ ብልሽቱ እንደሚመለስ ይጠብቃል። ሰዓቱና ቀኑ በየጊዜው ወደ ፋብሪካው ቀን የሚመለስ ከሆነ፣ የማዘርቦርዱን ቅንብር የምታቆየውን ሳንቲም መሰል ባትሪ ይለውጣል። ላጲሱ በመጽሐፍ የተደገፈ ዘዴ ባይሆንም፣ በአቧራማው የሚኤሶ ቆላ ለምን እንደተወደደ መገመት አያስቸግርም።

ሙያውን ያስነወረው የ«ፎርማት» ልማድ ነው። የብልሽቱን ምንጭ ሳይመረምሩ ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ለጠጋኙ ፈጣን ገቢ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ግን የጠፋ መዝገብ ነበር። ጉዳቱ በሁሉም ጽሑፍ ላይ እኩል አልወደቀም፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል የሚጻፈው የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ በማንኛውም የላቲን ፎንት ሲነበብ፣ የአማርኛው ግን ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ የተባለው የፊደል ፕሮግራም ዳግም እስኪጫን ድረስ የማይነበብ የምልክት ክምር ሆኖ ይቆይ ነበር። ግዕዝ በ1999 እ.ኤ.አ. የዩኒኮድ ቁጥር ቢሰጠውም፣ አሮጌዎቹ ፎንቶች ከጽሕፈት ቤቶች ለመውጣት ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ስትራቴጂ ሙያዎችን በደረጃ ሲያስቀምጥ የሃርድዌርና ኔትወርክ ጥገና የራሱ መመዘኛ ተበጀለት፤ በሱቅ ውስጥ በመመልከት ብቻ ይተላለፍ የነበረው የመነጣጠል ዘዴም በፈተና የሚጠየቅ ሆነ። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ግን የጥያቄው መልክ ተገለበጠ። በ2012 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው ፈጣን ማስነሻ፣ ማሽኑ ሲዘጋ የሥርዓቱን እምብርት በዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ያንኑ ስለሚያነሣ፣ ሙሉ በሙሉ ከአዲስ የሚጀምረው ሪስታርት የተደረገው ማሽን ሆነ። ስለዚህ «ዘግቼ ከፍቼዋለሁ» የሚል ደንበኛ ዛሬ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ ሪስታርት አድርጎት እንደሆነ ነው።