የሐሙስ ቀኑ የውሃ ችሎት

በስፔን አገር ቫሌንሲያ በምትባል ከተማ፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በካቴድራሉ ደጃፍ ጥቁር የለበሱ 8 ዳኞች ይቀመጣሉ። ሹማምንት እንዳይመስሏችሁ፤ ገበሬዎች ናቸው። ከቱሪያ ወንዝ በተጠለፉ ቦዮች የሚያጠጡ ገበሬዎች ከመካከላቸው መርጠዋቸዋል። ጠበቃ የለም፤ ክርክሩ ሁሉ በቃል ነው፤ ፍርዱም እዚያው ይሰጣል። የተከሳሹ ቦይ ተወካይ በፍርዱ አይሳተፍም።

ለምን ሐሙስ? የከተማው ሰዎች እንደሚሉት ቦታው በሙስሊሞች ዘመን መስጊድ ነበር፤ ማግስቱ ጁምዓ በመሆኑም ችሎቱ በዋዜማው ይዋል ነበር። መስጊድ መኖሩ እውነት ነው። የቀኑ ምክንያት ግን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትረካ ስለሆነ፣ ደስ ስላለን ብቻ እንደ ማስረጃ አንያዘው። ስፔኖች ቦዩን «አሴኪያ» ማለታቸው ግን «አስ-ሳቂያ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ከተማዋን በ1238 እ.ኤ.አ. የያዘው ንጉሥ ቀዳማዊ ሃይሜም ውሃው በሙስሊሞቹ ዘመን እንደነበረው ሥርዓት እንዲከፋፈል ፈቅዷል።

በ1968 እ.ኤ.አ. ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር፣ የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ በስግብግብነት ይጠፋል ብሎ ጻፈ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህ የግድ እንዳልሆነ አሳየች። ካቀረበቻቸው ማስረጃዎች አንዱ ቫሌንሲያ ነው። ባለተራው እስካላባከነ ድረስ የሚበቃውን ያህል ያጠጣል፤ ተራው ያለፈው ደግሞ እስኪመለስለት ይጠብቃል። ቀጣዩ ገበሬ ተራውን ሲጠብቅ ሳለ የፊተኛውን ያያል። ስለዚህ ብዙ ዘበኛ መቅጠር አያስፈልግም። በአገራችን «የውሃ አባት» ባለበት መንደር ያደገ አንባቢ ይህ አይገርመው ይሆናል። ኦስትሮም በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለት ሰዎች አንዷ ሆነች፤ ችሎቱም በዚያው ዓመት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ገባ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ለአንዲት የውሃ ተራ ይህን ያህል ሲጠነቀቁ፣ በ1609 ንጉሥ ሣልሳዊ ፊሊጶስ የሙስሊሞቹን ዘሮች ከቫሌንሲያ ግዛት አባረረ። ከ100,000 በላይ ነበሩ። ተጠምቀው፣ በሕግ ክርስቲያን ተብለው ሳለ ነው የተባረሩት። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚከስበት ችሎት ሐሙስ ሐሙስ ይዋል ነበር። እነርሱ ግን የንጉሡን ዐዋጅ የሚከሱበት ደጃፍ አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹም በመርከብ ተጭነው በሰሜን አፍሪካ ኦራን ላይ ተራገፉ።