በኔ ጣለው፦ የሆንግ ኮንጎች እሺታ

ሰው ሲቸግረው ጎረቤቱ «እሺ» የሚልበት ቃል ብዙ ያጫውታል። እኔን የካንቶኒዝን ያህል የማረከኝ የለም፤ ብሩስ ሊ አፉን የፈታበትን፣ የሆንግ ኮንግን ቋንቋ ማለቴ ነው።

ጠያቂው «ምጎይ» ብሎ ይጀምራል። «እባክህ»ም «አመሰግናለሁ»ም ነው፤ ጥሬ ፍቺው ግን «አይገባም» ነው። ላስቸግርህ አይገባኝም ነበር እንደማለት። የተጠየቀውም «ዳክ» (ይቻላል) ወይም «ሞው ማንታይ» (ችግር የለም) ይለዋል። ልቡ ፈቅዶ እሺ ያለ ደግሞ «ባው ሃይ ንጎ ሳን ሶንግ» ይላል፤ «ዋስትናው በገላዬ ላይ ነው»። የኛን «በኔ ጣለው» ቁርጥ! ከሁሉም የምወደው ግን «ሳፕ ሳፕ ሶይ» የሚለውን ነው። ፍርፋሪ ነው፣ ኢምንት ነው ማለት ነው። (ለነገሩ አነጋገሩን ካላወቁበት ጉራም ይመስላል።)

ሥራውን እንዲህ ማሳነስ ለምን አስፈለገ? ካንቶኒዞች «ያን ቺንግ» የሚሉት ነገር አለ። ቃል በቃል «የሰው ስሜት» ነው፤ በኑሮ ግን ውለታ ነው፤ እንደ ገንዘብ ዕዳ ይቆጠራል፣ ይመለሳልም። ታዲያ «ፍርፋሪ ነው» ያለ ሰው የጠያቂውን ዕዳ አስቀድሞ እየቀነሰለት ነው።

ይህ ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ለመረዳት የከተማዋን ታሪክ ማየት ይበቃል። ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 (እ.ኤ.አ.) ስድስት መቶ ሺህ ያህል የነበረው የሆንግ ኮንግ ሕዝብ፣ ከቻይና በሚጎርፈው ስደተኛ የተነሳ በ1950 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆነ። ታኅሣሥ 25 ቀን 1953 ሌሊት በሼክ ኪፕ ሜይ የጎጆ ሰፈር የተነሳው እሳት 53 ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ አደረገ። ከ1954 ጀምሮ መንግሥት በሠራቸው ሕንፃዎች ለአምስት ሰው የሚሰጠው ክፍል 11 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር። ሊፍት የለም። ቧንቧውም መጸዳጃውም የጋራ ነው። በ1963 ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ውሃ በአራት ቀን አንዴ፣ ለአራት ሰዓት ብቻ ይለቀቅ ጀመር።

እንግዲህ የአንዲት አሮጊት ባልዲ ስድስተኛ ፎቅ ይድረስ ቢባል፣ ተሸካሚው ምን ይበል? አሮጊቷ የምትከፍለው ነገር የላትም። እዚህ ላይ «ሳፕ ሳፕ ሶይ» ከጨዋነትም ያለፈ ይመስለኛል፤ የደኻን ክብር መጠበቂያ ነው።

ሥራው ሲያበቃ የሚባለው «ጋው ዲም» ነው፤ «አለቀ፣ ተሳካ»። ይህች ቃል ወደ ሰሜን ተሻግራ ዛሬ ማንዳሪን ተናጋሪውም «ጋውዲንግ» እያለ ይጠቀምባታል።