የሪሊዝ ፋይል (ዴቢያን)

የሪሊዝ ፋይል በዴቢያንና ከእሱ በወጡት እንደ ኡቡንቱ ባሉ የሊኑክስ ስርጭቶች የአንድን የሶፍትዌር ማከማቻ ማንነትና ይዘት የሚገልጽ የጽሑፍ ፋይል ነው። የፓኬጅ አስተዳዳሪው አፕት የሚያወርደውን ሁሉ የሚመዝነው በዚሁ ፋይል ነው። ማረጋገጫው በዴቢያን ስርጭት ውስጥ የገባው በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.0 እትም ነው።

አፕት በቅድሚያ የፋይሉን ዲጂታል ፊርማ ኮምፒውተሩ ላይ በተቀመጠ ይፋዊ ቁልፍ ይፈትሻል። ፋይሉ የፓኬጅ ዝርዝሮችን የሻ-256 አሻራ ይዟል፤ ዝርዝሮቹ ደግሞ የእያንዳንዱን ፓኬጅ አሻራ። አንድ ፊደል ቢነካ አሻራው አይገጥምም፤ ስለዚህ ፓኬጁ ባልተመሰጠረ መስመር ቢመጣም መነካካቱ ይታወቃል። ሆኖም ፊርማ ብቻውን አጥቂ በትክክል የተፈረመ፣ ግን ያረጀ ዝርዝር ከማቅረብ አያግደውም። ለዚህ ሲባል ብዙ ማከማቻዎች ፋይሉ ላይ የማብቂያ ቀን ያሰፍራሉ።

የማከማቻው ደረጃ ሲለወጥም አፕት ዝም ብሎ አያልፍም። በ2021 ዴቢያን 11 ሲወጣ 10ኛው እትም ከ«ስቴብል» ወደ «ኦልድስቴብል» ወረደ፤ የአፕት ትእዛዝ የሆነው አፕት-ጌትም ተጠቃሚው ለውጡን እስኪቀበል ድረስ ዝርዝሩን አላድስም አለ። ያበሳጫል፣ ግን ተገቢ ነው፦ ፊርማው የላኪውን ማንነት እንጂ ተጠቃሚው ወደ ሌላ እትም መሻገር መፈለጉን አያረጋግጥም።

ከፊርማው እስከ ፓኬጁ የሚዘልቀው የማረጋገጫ ሰንሰለት የተበጠሰበት ጊዜም አለ። በጥር 2019 ይፋ የሆነ የአፕት ጉድለት፣ መስመሩ መሐል የገባ አጥቂ በአድራሻ ማዞሪያ ምላሽ በኩል የሐሰት አሻራ እንዲያቀብል ያስችል ነበር። ለዴቢያን 9 በአፕት 1.4.9 ተስተካክሏል።