በሁለት ቀን ጎንደርን ለመጐብኘት

ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በሱሉልታ በኩል ዓባይን የሚሻገረው የጎጃም መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎንደር ያደርሳል። ተጓዡ የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የመሥሪያ ቤት ፈቃዱ አጭር ከሆነም በአውሮፕላን ቢሔድ ይሻለዋል።

የመጀመሪያው ቀን ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ለቈረቈሯት መናገሻ፥ ይኸውም ለአብያተ መንግሥቱ ግቢና ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሁን።

ሁለተኛው ቀን ብዙ ጐብኚ ለሚዘልለው ለፒያሳ ይሁን። ጣሊያን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ፥ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው መሐንዲስ የከተማ ፕላን ነደፈ፤ የፕላኑም አሳብ ነጩን ከአገሬው ለይቶ ማስፈር ነበር። ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ለዘለዓለም የታሰበው ግዛት ግን ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ከስድስት ወር በኋላ፥ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በምሥራቅ አፍሪቃ የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ ሆነች።

እንግዲህ ጐብኚው የሕንፃውን ውበት ብቻ አያድንቅ፤ በማን ጉልበትና ለማን ተብሎ እንደ ተሠራም ይጠይቅ። ጠላት ለራሱ ብሎ የሠራው ቤት ለባለ አገሩ ቀርቷልና።