ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚከፈት ፖስታ

የካቲት 20 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንቱን ሲጀምር መሆኑ ነው። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ ነው ያነጋሁት። የኦስካር ሌሊት ነበራ! ከ24ቱ ሽልማቶች 23ቱ ታድለው አልቀዋል። የቀረው አንድ ነው፤ ትልቁ፣ የዓመቱ ምርጥ ፊልም። ሰዓቴን ሳይ ከጠዋቱ ሁለት ሞልቷል። ሥራ የምገባው ሁለት ተኩል ላይ ነው፤ አለቃዬ ደግሞ የሲኒማ ፍቅር የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ደግሞስ ምን ቀረ? ‹‹ላ ላ ላንድ›› በ14 ዘርፍ ታጭቶ ስድስቱን ወስዷል። የመጨረሻውንም እንደሚወስድ ያልተነበየ የለም። ሪሞቱን ተጫንኩት፣ ጫማዬን አጠለቅሁ፣ ወደ ታክሲ ሰልፍ ሮጥኩ።

ታክሲው ውስጥ ተመቻችቼ ሳልቀመጥ ስልኬ ጮኸ።

‹‹አየኸው?››

‹‹ምኑን?››

‹‹ኧረ በማርያም! አላየሁም እንዳትለኝ!››

አላየሁም። ለ15 ዓመታት እንቅልፌን ሠውቼ፣ ኦስካር በታሪኩ አንዴ ብቻ ያሳየው ጉድ በአሥር ደቂቃ አመለጠኝ። የሆነውን ኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ‹‹ጠዋት በሬዲዮ የሚነገር ዝርዝር ለመስማት ሌሊቱን ማንጋት ምን ይባላል?›› ለሚሉኝ ሰዎች መልስ አለብኝ። ከጠያቂዎቹ አንዷ እናቴ ናት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሳሎን ብርሃን አይታ ብቅ አለችና ‹‹ምነው ልጄ፣ የታመመ ሰው አለ እንዴ?›› ነበር ያለችኝ።

መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ይመስለኛል። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። ድግሱም የፈረንጅ ነው።)

የመጀመሪያው የኦስካር ምሽት ሜይ 16 ቀን 1929 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ሆሊውድ ሩዝቬልት በተባለ ሆቴል ተካሄደ። የተገኘው እንግዳ 270 ያህል ነው። መግቢያው 5 ዶላር፤ ሽልማቱ ታድሎ ለማለቅ የፈጀበት ጊዜ ደግሞ 15 ደቂቃ። ቴሌቪዥን የለ፣ ሬዲዮ የለ። ቢኖርም የሚያጓጓ ነገር አልነበረም፤ አሸናፊዎቹ እነማን እንደሆኑ ከሦስት ወር በፊት ተነግሮ አልቋል። እንዲያውም ምርጥ ተዋናይ የተባለው ኤሚል ያኒንግስ ወደ ጀርመን ስለሚመለስ ሐውልቱን አስቀድሞ ተቀብሎ ሄዶ ነበር። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያዋን የኦስካር ሐውልት የወሰደው ሰው ድግሱ ላይ አልነበረም። ባጭሩ እራት ነው። ለእራት ደግሞ ማንም ከሌሊቱ 10 ሰዓት አይነሳም።

በዓመቱ አንድ የሎስ አንጀለስ ሬዲዮ ጣቢያ ምሽቱን ማስተላለፍ ጀመረ። ከዚያ ቀስ በቀስ ውጤቱን እስከ ምሽቱ ድረስ የመደበቅ ነገር መጣ። ግን ድብብቆሹ ቀዳዳ ነበረው። የአሸናፊዎቹን ስም ለጋዜጦች ቀደም አድርገው ይሰጧቸውና፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አምስት ሰዓት በፊት እንዳያወጡት ቃል ያስገቧቸዋል። ጋዜጠኛ አምነው ምስጢር ሰጡት እንግዲህ!

ፌብሯሪ 29 ቀን 1940 የሆነው ሆነ። ‹‹ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ›› የነገሠበት ዓመት ነው። ድግሱ አምባሳደር ሆቴል ነበር (የኛ አምባሳደር ሲኒማ እንዳይመስላችሁ)። ሎስ አንጀለስ ታይምስ ቃሉን አጥፎ ውጤቱን በምሽት እትሙ አወጣው፤ ጋዜጣው ከሦስት ሰዓት በፊት ገበያ ላይ ነበር። አርፍደው የመጡ እንግዶች ማን እንዳሸነፈ ከበር ላይ አንብበው መግባት ይችሉ ነበር።

በዚያ ምሽት አንዲት ሴት ነበረች፤ ሃቲ ማክዳንኤል። በፊልሙ ውስጥ ‹‹ማሚ››ን፣ የቤት ባሪያዋን ሆና የተወነችው። ፊልሙ ከሁለት ወር በፊት አትላንታ ሲመረቅ በጆርጂያ የዘር መለያየት ሕግ ምክንያት አልተገኘችም። አምባሳደር ሆቴልም ጥቁር የማያስገባ ሆቴል ስለነበር፣ የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ ለሷ ልዩ ፈቃድ መለመን ነበረበት። ገባች፤ ግን የተቀመጠችው ከፊልሙ ባልደረቦቿ ጋር አይደለም። ግድግዳ ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ነው። ከዚያ ጠረጴዛ ተነስታ ነው ኦስካር የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር የሆነችው። ለረዳት ተዋንያን በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው ሐውልት ሳይሆን አነስተኛ ሰሌዳ ነበር።

ያቺ ሰሌዳ ወደኛ ሰፈር የምትመጣበት መንገድ አላት። ማክዳንኤል በ1952 ስታርፍ ሰሌዳዋን ዋሽንግተን ለሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘች። ሃዋርድ ማለት የኛው ኃይሌ ገሪማ ከ1975 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ሲኒማ ያስተማረበት፣ ‹‹ሳንኮፋ›› የተባለ መጻሕፍት ቤቱንም ከፊት ለፊቱ የከፈተበት ግቢ ነው። ሰሌዳዋ ግን ከዚያው ግቢ ጠፋች፤ እስከ ዛሬም አልተገኘችም። አካዳሚው ምትኳን ሠርቶ ለዩኒቨርሲቲው ያስረከበው በኦክቶበር 2023 ነው። ኃይሌም ዕድሜውን ሙሉ ሆሊውድን ሲወቅስ ኖሮ፣ በ2021 የአካዳሚው ሙዚየም ሲከፈት ከሶፊያ ሎረን ጋር በአንድ ምሽት ተሸለመ። ‹‹ጤዛ››ን ያየ ሰው የዚህ ነገር ምጸት ይገባዋል።

ወደ ጋዜጣው ልመለስ። አካዳሚው በንዴት በዓመቱ በ1941 የታሸገ ፖስታ አመጣ። ከዚያ በፊት ‹‹ፖስታው እባክዎ›› የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ እንደሚመስለኝ የኦስካር ትክክለኛ ልደት 1929 ሳይሆን 1941 ነው። ያን ቀን ነው አዳራሽ ያለው ከዋክብትና ቤቱ ራዲዮ ስር የተቀመጠው ተራ ሰው በአንድ ነገር እኩል የሆኑት፤ ሁለቱም አያውቁም። ሌሊት የሚያስነሳን ይኼ እኩልነት ነው። የኳስ አፍቃሪ የትናንቱን ጨዋታ ውጤቱን እያወቀ በድጋሚ ሲያይ የሚጎድለውን ነገር ያስታውስ።

ቴሌቪዥኑ የመጣው በ1953 ነው፤ እሱም በችግር። ስቱዲዮዎቹ ለድግሱ ገንዘብ አናዋጣም አሉ። ያኔ ሆሊውድ ቴሌቪዥንን ሲኒማን ሊገድል የመጣ ጠላት አድርጎ ነበር የሚያየው። አካዳሚው ግራ ገብቶት ሳለ ከዚያው ከጠላት መንደር ኤንቢሲ መጥቶ 100 ሺህ ዶላር ከፈለ። ማርች 19 ቀን፣ ግማሹ ሎስ አንጀለስ ግማሹ ኒውዮርክ ሆኖ ተላለፈ። በ1966 በቀለም ሆነ። ከ1969 ወዲህ ደግሞ ከአሜሪካ ውጭ መታየት ጀመረ። እኛ ራሳችን ቴሌቪዥን የከፈትነው በ1964 መሆኑን አስታውሱ።

እንግዲህ የኛ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሰዓቱ። እዚያ ምሽት ሲሆን እዚህ ሌሊት ነው። እስከ 2023 ድረስ ፌብሯሪ ላይ ከሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ፣ እነሱ ሰዓታቸውን ወደፊት ካሽከረከሩ በኋላ ከሆነ ደግሞ 9 ሰዓት አካባቢ ይጀምር ነበር። እስከ 1998 ድረስ ሰኞ ማታ ነበር፤ ለኛ ማክሰኞ ንጋት ማለት ነው። በ1999 ወደ እሁድ አዛወሩት፤ ለነሱ ተመቻቸው፣ ለኛ ሰኞ ጠዋት ሆነ። በሳምንቱ ውስጥ ከሰኞ ጠዋት የከፋ ምን አለ?

እኔ በቀጥታ ማየት የጀመርኩት በ2002፣ ሃሊ ቤሪና ዴንዘል ዋሽንግተን በአንድ ሌሊት ያሸነፉ ጊዜ ነው። ዲሹ የኛ አልነበረም፤ የጓደኛዬ ቤት ነው ያደርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ ጋቢ ተከናንበን። ያ ድግስ አራት ሰዓት ከ23 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ከዚያ የረዘመ ኦስካር የለም። እኛም አልተኛንም።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን 2009 ነው። ፌብሯሪ 22 የቅበላ እሁድ ዋለ። ቀኑን ሙሉ ሥጋ ሲበላ ተውሎ፣ ሌሊቱ ላይ ድግሱ ሲጀምር ጾም ገብቷል። ‹‹ስላምዶግ ሚሊየነር›› ስምንት ሽልማት ጠራርጎ የወሰደበት ዓመት ነው። ያኔ ዲሽ ቤታችን ገብቷል። እናቴ ከኪዳን ስትመለስ እኔ እዚያው ነኝ። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቆም ብላ አየች። ኤ.አር. ራህማን መድረክ ላይ ነበር።

‹‹ህንድ ነው እንዴ የሸለሙት?››

‹‹አዎ እማዬ፣ ሸለሙት።››

የድሮ የሂንድ ፊልም አይታ ያላለቀሰች እናት አዲስ አበባ ውስጥ የለችም መቼም። ቁጭ አለች። በሂንዲ የተዘፈነው ‹‹ጃይ ሆ›› ሲያሸንፍ ከኔ በላይ የተደሰተችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ‹‹የታመመ ሰው አለ እንዴ›› ብላኝ አታውቅም።

በ2016 ደግሞ የኛው አቤል፣ ዘ ዊክንድ፣ በዘፈን ዘርፍ ታጨ። መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈነ፣ ሽልማቱን ሳም ስሚዝ ወሰደው። የታጨው ‹‹ፊፍቲ ሼድስ ኦፍ ግሬይ›› በተባለው ፊልም ዘፈን ነው፤ ፊልሙ ስለምን እንደሆነ ለእናቴ ለማስረዳት አልሞከርኩም። ‹‹የሐበሻ ልጅ ነው›› ብያት አለፍኩ።

አሁን ወደዚያች ሰኞ። በ2017 ከዕጩዎቹ መካከል ሩት ነጋ ነበረች፤ አዲስ አበባ የተወለደች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ እናቷ አየርላንዳዊት። ‹‹ላቪንግ›› በተባለው ፊልም በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ታጭታለች። እኔም እስከ ሁለት ሰዓት የቆየሁት ለሷ ብዬ ነው። ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ፖስታውን ከፈተ፤ ኤማ ስቶን። አዘንኩ፣ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁ። ያ ዘርፍ የጉዱ ሁሉ መጀመሪያ እንደሆነ ምን አውቄ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የድምፅ ቆጠራውን ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የያዘው አንድ የሂሳብ መርማሪ ድርጅት ነው። በ2017 ውጤቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ስሞቹን በቃላቸው ይይዙ ነበር። አንዱ መንገድ ላይ አደጋ ቢደርስበት ተብሎ፣ ፖስታዎቹ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅተው በሁለት ቦርሳ፣ በተለያየ መንገድ ወደ አዳራሹ ይሄዱ ነበር። አንዱ በመድረኩ ግራ አንዱ በቀኝ ይቆማሉ። ከአንዱ ወገን ፖስታ ሲወጣ፣ የሌላው ወገን ተመሳሳዩን ፖስታ ወደ ጎን ያስቀምጣል። ሎስ አንጀለስ ታይምስ በ1940 ባደረገው የተነሳ የተሠራ ምሽግ ነው እንግዲህ፤ አሳቹም እሱ ራሱ ሆነ። ዲካፕሪዮ በአንዱ በኩል ወጥቶ የምርጥ ተዋናይት ፖስታን ሲከፍት፣ በሌላው በኩል ቅጂው ሳይነሳ ቀረ። በዚያ በኩል የቆመው ሰው ከደቂቃዎች በፊት የኤማ ስቶንን ፎቶ አንስቶ ትዊተር ላይ ሲለጥፍ ነበር። ዋረን ቢቲ ሲመጣ ያቺኑ ቅጂ አስጨበጠው።

ቢቲ ከፈተ፣ አነበበ፣ ግራ ገባው። ፖስታው ውስጥ ደግሞ ጣቱን ሰዶ ፈለገ። አዳራሹ ቀልድ መሰለው። ካርዱን ለፌይ ዳናዌይ አሳያት፤ እሷ ደግሞ ዐይኗ ያረፈበትን አነበበች፤ ‹‹ላ ላ ላንድ!›› ፕሮዲዩሰሮቹ ወጡ፣ ሐውልት ጨበጡ፣ ቤተሰብ አመሰገኑ። ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው የጆሮ ማዳመጫ ያደረጉ ሰዎች መድረኩ ላይ መራወጥ የጀመሩት። ጆርዳን ሆሮዊትዝ፣ በእጁ ሐውልት የያዘው ራሱ፣ ወደ ማይክራፎኑ ተመልሶ ስህተት መሆኑንና ያሸነፈው ‹‹ሙንላይት›› እንደሆነ ተናገረ። ትክክለኛውን ካርድ ወደ ካሜራው አንስቶ አሳየ። ያሸነፉትን ራሱ ጠርቶ ሽልማቱን አስረከበ። ለኔ የዚያ ሌሊት ጀግና እሱ ነው።

እኔ በዚያን ሰዓት ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ማታ ገብቼ በዩቲዩብ አየሁት፤ ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ። ግን ቢቲ ፖስታው ውስጥ ጣቱን ሲሰድ ምን እየፈለገ እንደሆነ አውቄ ነው የማየው። ጓደኛዬ አያውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ስለዚያ ጠዋት ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ እኔ ዝም እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ በኦስካር ማግስት ሰኞን የዓመት ፈቃድ እወስዳለሁ። በ2021 የሆሳዕና ማግስት ላይ ዋለ። የዚያ ዓመት አዘጋጆች ምርጥ ፊልምን ከመጨረሻ አንስተው ምርጥ ተዋናይን መዝጊያ አደረጉት። በዓመቱ ያረፈው ቻድዊክ ቦስማን ያሸንፋል፣ አዳራሹ በእንባ ይዘጋል ብለው ነው አሉ። ፖስታው ሲከፈት አንቶኒ ሆፕኪንስ። ሰውየው ደግሞ ዌልስ ነው ያለው፤ በማግስቱ ጠዋት ነው በቪዲዮ ያመሰገነው። ድግሱ ያለ ተሸላሚ፣ ያለ ንግግር ተዘጋ። የመጀመሪያው የያኒንግስ ሐውልት ትዝ አለኝ፤ ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ሳቅሁ።

ከ2029 ጀምሮ ድግሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ዩቲዩብ እንደሚዞር በዲሴምበር 2025 ተነግሯል። ታክሲ ሰልፍ ላይም ማየት ይቻላል ማለት ነው፤ ፓኬጅ ከተገዛ። እኔ ግን ፈቃዴን መሙላቴን አልተውም። ቅጹ ላይ ‹‹ምክንያት›› የሚል መስመር አለ፤ ‹‹የቤተሰብ ጉዳይ›› ብዬ ነው የምጽፈው።