ለድኃ ልጅ የተመደበ ገንዘብ

በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት በአብዛኛው ከክፍለ ግዛቱና ከአካባቢው በሚሰበሰብ ግብር ነው። የአካባቢው ግብር በቤትና በመሬት ዋጋ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፥ የድኃ ሠፈር ትምህርት ቤትም ድኃ ሆኖ ይቀር ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ይህን ጉድለት ለማቃለል የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሕግን አፕሪል 11 ቀን 1965 (እ.ኤ.አ.) ፈረሙ። የፈረሙትም በቴክሳስ፥ በልጅነታቸው በተማሩበት ትምህርት ቤት ደጃፍ፥ የመጀመሪያ አስተማሪያቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ነው። ራሳቸውም በ1928 በኮቱላ ከተማ የሜክሲካውያን ተወላጆችን ልጆች አስተምረው ስለነበር፥ ድህነት በተማሪ ላይ የሚያደርሰውን በዓይናቸው አይተዋል።

«ርእስ አንድ» የተባለው ዋናው የሕጉ ክፍል፥ የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የድኃ ልጆችን ቁጥር መሠረት አድርጎ እንዲደለደል ያዛል። ይሁን እንጂ መመደብና ለባለመብቱ ማድረስ ለየቅል ናቸው። በ1969 የወጣ አንድ ጥናት፥ አንዳንድ ወረዳዎች ገንዘቡን ለጠቅላላ ወጪያቸው፥ አልፎ ተርፎም ለመዋኛ ገንዳ ማዋላቸውን አጋለጠ። በዚህም ምክንያት ሕጉ በ1970 ሲሻሻል፥ የፌዴራሉ ገንዘብ በአካባቢው በጀት ላይ የሚታከል እንጂ እርሱን የሚተካ እንዳይሆን ተደነገገ። የ2015ቱ ማሻሻያም ይህን ደንብ ጠብቆ አቆይቶታል።

በድኃው ልጅ ስም የወጣ ገንዘብ የልጁን ድርሻ እስካላሳደገ ድረስ፥ በመዝገብ ላይ የሠፈረ ቸርነት ከመሆን አያልፍም።